የ400 መስመር የደመወዝ ሜተድ፦ ከየት ልጀምር? ጥቅም ላይ ያልዋሉትን ቫሪያብሎችስ ዝም ብዬ ላጥፋቸው?

ባለፔይሮል

ሰላም ለሁላችሁ። በጃቫ 17 እና በስፕሪንግ ቡት የተጻፈ የደመወዝ ሲስተም አለ። ውስጡ «ደመወዝ_አስላ» የሚባል አንድ ሜተድ አለ፤ 400 መስመር ግድም ይሆናል። (ስሞቹን ለንባብ እንዲቀል በአማርኛ ቀይሬያቸዋለሁ።) ሠራተኞቹን ከዳታቤዝ ያመጣል፣ በሉፕ እየዞረ ትርፍ ሰዓት ያሰላል፣ አበል ይደምራል፣ የሥራ ግብርና ጡረታ ይቀንሳል፣ ብድር ይቆርጣል፣ ፔይስሊፕ ያዘጋጃል፣ መጨረሻ ላይ ሴቭ ያደርጋል። ሁሉም እዚያው አንድ ቦታ።

ሶናርኪውብ (የኮድ ጥራት መመርመሪያው) ሦስት ዓይነት ቅሬታ አለው፦ ሜተዱ ከልክ በላይ ረዝሟል፣ ኮግኒቲቭ ኮምፕሌክሲቲው (ኮዱ ለመረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚለካው ነጥብ) ከ15 አልፏል፣ 11 ሎካል ቫሪያብሎች ደግሞ ዋጋ ይሰጣቸዋል እንጂ ማንም አያነባቸውም። ቴስት የሚባል ነገር የለም። የግብር እርከኑ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ሲቀየር ቁጥሮቹ እዚያው ኢፍ ኤልሱ ውስጥ ተተክተዋል፤ የድሮው እርከን ኮመንት ሆኖ ከላይ ተቀምጧል።

ጥያቄዬ፦ ቅደም ተከተሉ ምን ይሁን? መጀመሪያ ሜተዱን ልበትነው ወይስ ቫሪያብሎቹን ላጽዳ? ቫሪያብሎቹንስ ኢንተሊጄ (ኮድ የምጽፍበት ኤዲተር) ግራጫ አድርጎ ስላሳየኝ ብቻ ባጠፋቸው የሚበላሽ ነገር አለ?

---

ሴሚኮሎን

መጀመሪያ ቴስት፣ ቀጥሎ ቫሪያብሎቹ፣ ከዚያ መበተኑ። ቅደም ተከተሉን አታዛንፈው፤ ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

ቴስት ስልህ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ዩኒት ቴስት ጻፍ ማለቴ አይደለም። ሜተዱ ሳይበተን ያ አይሆንልህም። የምትፈልገው ኮዱ ዛሬ የሚያወጣውን ቁጥር፣ ትክክል ነው አይደለም ሳትል፣ እንዳለ መቅዳት ነው። ካለፉት ወራት የተለያየ ዓይነት ሠራተኛ ምረጥ፦ ትርፍ ሰዓት ያለው፣ ብድር ያለበት፣ በወሩ መሐል የተቀጠረ፣ አበል የሌለው። ስምና የባንክ ሒሳብ አጥፋ። ሜተዱን አስኪደህ የእያንዳንዱን ጥቅል፣ ግብር፣ ጡረታ፣ ሌላ ተቀናሽና የተጣራ ክፍያ ወደ ሲኤስቪ አውጣና ፋይሉን ጊት (የኮዱን ታሪክ የሚይዘው) ውስጥ አስገባ። የጄዩኒት ቴስቱ ሥራ እንደገና አስልቶ ከፋይሉ ጋር ማነጻጸር ብቻ ነው። 1 ሳንቲም ከተለየ ይውደቅ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያስቸግርሃል። አንደኛ፣ ሜተዱ ውስጥ የዛሬን ቀን በቀጥታ የሚጠይቅ መስመር ካለ ቴስቱ በሚቀጥለው ወር ያለ ምክንያት ይወድቃል፤ ስለዚህ ክሎክ ኦብጀክት በኮንስትራክተር አስገባና ቀኑን ከእሱ ውሰድ። ሁለተኛ፣ ቢግዴሲማልን (ለገንዘብ የሚሆነውን የጃቫ የዴሲማል ቁጥር ዓይነት) በኢኳልስ ካነጻጸርክ 300.0 እና 300.00 እኩል አይደሉም ይልሃል፤ ኮምፔርቱ ተጠቀም።

ለግብሩ በእጅህ የምታሰላቸው ሠራተኞች ጨምር። የአሁኑ እርከን ድንበሮች 2,000፣ 4,000፣ 7,000፣ 10,000 እና 14,000 ናቸው። 2,000 ላይ ግብሩ 0፣ 2,001 ላይ 0.15፣ 4,000 ላይ 300፣ 7,000 ላይ 900፣ 10,000 ላይ 1,650፣ 14,000 ላይ 2,850፣ 14,001 ላይ 2,850.35 መውጣት አለበት። ልብ በል፦ «ያንሳል» እና «ያንሳል ወይም እኩል ነው» ቢምታቱ ድንበሩ ላይ ምንም አይታይም፤ ሁለቱም ቀመሮች እዚያ ነጥብ ላይ አንድ ቁጥር ነው የሚሰጡት። እነዚህ ቴስቶች የሚይዙት ተቀናሹ (300፣ 500፣ 850፣ 1,350፣ 2,050) ወይም ፐርሰንቱ ሲሳሳት ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ነው።

አሁን ቫሪያብሎቹ ለምን ይቀድማሉ? ኤክስትራክት ሜተድ (የመረጥከውን ክፍል ወደ አዲስ ሜተድ ማውጣት) ስትል ኢንተሊጄ ከተመረጠው ክፍል ውጪ ታውጆ ክፍሉ ውስጥ የሚነበበውን ሁሉ ፓራሜትር ያደርገዋል። ሞተው የቀሩ ቫሪያብሎች ሳይነሱ ከበተንክ፣ እነሱን ለማስላት ብቻ የሚነበቡት ሁሉ ፓራሜትር ሆነው ወደ አዲሶቹ ሜተዶች ይገባሉ። ያኔ አንድ ሜተድ ውስጥ የነበረው ቆሻሻ በሦስት ሜተድ ይዳረሳል።

ወደ መበተኑ ስትመጣ የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃ የሉፑን ሆድ በሙሉ አንድ ሜተድ ማድረግ ነው፤ «የአንድ_ሠራተኛ_ደመወዝ» በለው። ርዝመቱን አያሳጥርልህም፤ የሚጠቅምህ ሁሉንም ነገር አንድ ደረጃ ወደ ውጭ ስለሚያወጣው ነው። ኮግኒቲቭ ኮምፕሌክሲቲ ጥልቀትን ይቀጣል፦ ፎር ሉፑ 1፣ ውስጡ ያለው ኢፍ 2፣ በዚያ ውስጥ ያለው ኢፍ 3 ይቆጠራል። የግብርህ ስድስት ቅርንጫፍ በሉፕ ውስጥ ብቻውን 7 ነው፤ ኢፉ 2፣ አራቱ ኤልስ ኢፎች 4፣ ኤልሱ 1። ከ15ቱ ግማሹ እዚያ አለቀ ማለት ነው። እሱን ኢፍ ኤልስ መሆኑን አስቀርተህ ሰንጠረዥ አድርገው፦ የእርከን ሪከርድ ከላይኛ ወሰን፣ ፐርሰንትና ተቀናሽ ጋር፣ ስድስት መስመር ሊስት፣ አንድ ፍለጋ።

ሲያልቅ ሆዱ ይህን መምሰል አለበት፦

    ትርፍ = የትርፍ_ሰዓት_ክፍያ(ሠራተኛ፣ ወር)
    አበል = የአበል_ድምር(ሠራተኛ፣ ወር)
    ግብር = የሥራ_ግብር(የሚታክስ(ሠራተኛ፣ ትርፍ፣ አበል)፣ ወር)
    ጡረታ = የሠራተኛ_ጡረታ(ሠራተኛ.መሠረታዊ)
    ብድር = የወሩ_የብድር_ቅናሽ(ሠራተኛ፣ ወር)
    መልስ ፔይስሊፕ(...)

መሠረታዊ ደመወዙ 12,000 የሆነ፣ ትርፍም አበልም ብድርም የሌለበት ሠራተኛ ብታስገባ ግብሩ 2,250፣ የ7 በመቶ ጡረታው 840፣ የተጣራው 8,910 ይሆናል። የአሠሪው 11 በመቶ (1,320) ከሠራተኛው ተቀናሽ ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው ሜተድ ስጠው።

---

ኑል_ፖይንተር

ሴሚኮሎን ያለው ትክክል ነው፤ ግን ቫሪያብሎቹን በአንድ ቃል አለፋቸው። እኔ ብዙ ጊዜ ባግ ሲገኝ የማየው እዚያ ነው። የማይነበብ ቫሪያብል ማለት አንድ ሰው የሆነ ነገር አስቦ ሳይጨርስ ትቶታል ማለት ነው። ምን አስቦ እንደነበር ሳታውቅ አታጥፋ። ጊት ብሌም (እያንዳንዱን መስመር ማን መቼ እንዳስገባው የሚያሳየው) ላይ መስመሩን ያስገባውን ኮሚት ክፈትና መልእክቱን አንብብ፤ ደቂቃ አይፈጅም።

በቀኝ በኩል ያለውን እይ። ቁጥር ወይም ተራ ስሌት ብቻ ከሆነ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ሰርዝ። የሜተድ ጥሪ ከሆነ ግን ጥሪው ራሱ ሥራ ሊኖረው ይችላል፦ ኤክስኪዩት አፕዴት፣ የኢተሬተር ኔክስት፣ ማፕ ላይ ፑት። እነዚህ ላይ የሚጠፋው በግራ በኩል ያለው ስም ብቻ ነው፤ ጥሪው ይቀራል። ኢንተሊጄ ኦልት ኢንተር ስትለው ሁለቱንም ምርጫ ያቀርብልሃል፤ ሳያነቡ የመጀመሪያውን መጫን ነው አደጋው። የኔክስት ጥሪ ከጠፋ ሉፑ አይቆምም።

የሶናርን ሁለት ሕጎችም አታምታታ። ኤስ1481 ጨርሶ የማይነበብ ቫሪያብል ነው። ኤስ1854 ደግሞ ቫሪያብሉ ይነበባል፤ አንዱ ዋጋ ግን ሳይነበብ በሌላ ይተካል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ለምሳሌ ግብሩ ተሰልቶ ከሁለት መስመር በኋላ በዜሮ ከተተካ ያ ቆሻሻ አይደለም፣ ያለቦታው የገባ መስመር ነው።

ሶናር እነዚህን ሁለት ሕጎች ይዞ የማያየው ሌላ አለ። ቢግዴሲማል አይለወጥም፤ «ጥቅል.አድ(ትርፍ)» ብለህ ውጤቱን ካልያዝከው ትርፍ ሰዓቱ የትም አልተደመረም። ቫሪያብል ስለሌለ የቫሪያብል ሕግ አይነካውም። 400 መስመሩ ውስጥ አድ፣ ሰብትራክትና ሴትስኬል የሚሉትን ፈልግና በግራቸው እኩል ምልክት ወይም ሪተርን መኖሩን፣ አለዚያም ውጤቱ ለሌላ ጥሪ መሰጠቱን አንድ በአንድ እይ።

ሊጠፉ የማይገባቸውም አሉ። ትራይ ውስጥ የሚከፈት ሪሶርስ (ሎክ፣ ኮኔክሽን) ስሙ ባይጠራም ለመዘጋቱ ያስፈልጋል። ጃቫ 22 ላይ በአንድ የታች ሰረዝ (_) መተካት ይቻላል፤ 17 ላይ ስለሆንክ «ኢግኖርድ» ብለህ ሰይመው፣ ኢንተሊጄ ይተውልሃል። ከሎካል ወጥተህ ወደ ክላስ ፊልዶች ከሄድክ ደግሞ ጄፒኤና ጃክሰን (የዳታቤዝና የጄሶን ላይብረሪዎች) በሪፍሌክሽን፣ ማለትም ኮዱ ላይ ስማቸው ሳይጠራ፣ የሚያነቧቸውን «ማንም አይጠቀምባቸውም» ብለህ እንዳትነካ። ሲሪያል ቨርዥን ዩአይዲም እንደዚያው።

ጃቫሲን (የጃቫን ኮምፓይለር) ተስፋ አታድርግ፤ ሁሉንም ሊንት ብታበራ እንኳ ስለማይነበብ ሎካል ቫሪያብል አያወራም።

---

ባለፔይሮል

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። ቴስቱ ቆሟል። ከ11ዱ ውስጥ 8ቱ ተራ ቅሪት ናቸው፣ 2ቱ ጥሪው ቀርቶ ስሙ የሚጠፋ። 11ኛው ግን «የተጠጋጋ_የተጣራ» ይባላል፦ የተጣራውን ወደ 2 ዴሲማል ያጠጋጋል፤ ሴቭ የሚደረገው ግን ያልተጠጋጋው «የተጣራ» ነው። ላጥፋው ወይስ ሴቭ የሚደረገውን በእሱ ልተካ?

ሌላ፦ የትርፍ ሰዓቱን ክፍል መርጬ ኮንትሮል ኦልት ኤም ስል ከአንድ በላይ ውጤት አለው ብሎ እንቢ ይለኛል። «ጥቅል» እና «የሚታክስ» ሁለቱም እዚያ ውስጥ ይለወጣሉ።

---

ኑል_ፖይንተር

11ኛውን አሁን አትንካው። ብትተካው ሰው እጅ የሚገባው ገንዘብ ሊለወጥ ነው፤ ያ ሪፋክተር (ውጤቱን ሳይለውጡ ኮዱን ማስተካከል) አይደለም። መጀመሪያ የዳታቤዙን ኮለም እይ፤ ዴሲማል 2 ከሆነ ዳታቤዙ ሴቭ ሲደረግ ራሱ ሊያጠጋጋው ይችላል፤ ያኔ ቫሪያብሉ ትርፍ ነው። 4 ዴሲማል ከሆነ ግን ፔይስሊፑ ላይ የሚታየውና ወደ ባንክ የሚሄደው ፋይል ላይ ያለው ይለያያሉ፤ ፋይናንስ ክፍሉን ጠይቅ። መልሳቸው ሲመጣ ለብቻው ኮሚት፣ ለብቻው ቴስት።

ማጠጋጋት ከተነሳ፦ ስትበትን የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ይሄው ነው። በወር 208 ሰዓት አካፍሎ ለሚያሰላ ሲስተም፣ 12,000 ለ208 57.6923 ብሎ ይቀጥላል። የሰዓቱን ዋጋ ለብቻው ሜተድ አድርገህ እዚያው 57.69 ብታደርገው፣ ለ10 ሰዓት በ1.5 ስታባዛ 865.35 ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ብታጠጋጋ 865.38 ነው። 3 ሳንቲም። አዲሱ ሜተድ ንጹሕ ቁጥር ይመልስ ብሎ ማጠጋጋት ያጓጓል፤ አታድርገው። ማካፈሉ ላይ ስኬልና የማጠጋጊያ ዓይነት ካልሰጠህ ደግሞ 57.6923 ማለቂያ ስለሌለው አሪትሜቲክ ኤክሴፕሽን ይወረውራል፤ አሁን ኮዱ የሚጠቀምበትን ስኬል ሳትለውጥ ይዘህ ሂድ።

---

ሴሚኮሎን

ስለ ሁለቱ ውጤቶች፦ ችግሩ ክፍሉ ሁለት ነገር እየሠራ መሆኑ ነው፤ ክፍያውን ያሰላል፣ ከዚያ ሁለት ቦታ ይደምራል። መደመሩን ለጠሪው ተውለት። ክፍሉ ውስጥ «ትርፍ» የሚል አዲስ ቫሪያብል ከዜሮ ጀምር፤ 1.5፣ 1.75፣ 2 እና 2.5 እየተባዛ የሚመጣው ሁሉ እሱ ላይ ይደመር። «ጥቅል» እና «የሚታክስ» ላይ የሚደምሩትን ሁለት መስመሮች ከክፍሉ በታች አውርዳቸው። ቴስቱን አስኪድ። ከዚያ መርጠህ ኤም ስትል ውጤቱ አንድ ስለሆነ ያልፋል።

«ድምር» ዓይነት ስም ካለህም ተጠንቀቅ፤ እንዲህ ያለ ሜተድ ውስጥ አንዱ ቫሪያብል ላይኛው ክፍል ላይ የሰዓት ድምር፣ ታችኛው ላይ የተቀናሽ ድምር ይሆናል። መጀመሪያ ለሁለት ስም ክፈለው። ሁለተኛው አጠቃቀም ላይ አዲስ ስም አውጅ፣ ዋጋ አንዴ ብቻ የሚሰጣቸው ከሆነ ሁለቱንም ፋይናል አድርግ፤ ያመለጠህ ቦታ ካለ ኮምፓይለሩ ይጮኻል።

ኮንቲኒው ያለበት ክፍልም በቀላሉ አይወጣም። «ሠራተኛው ሥራ ላይ ካልሆነ ዝለል» የሚለውን ከሉፑ በፊት ሊስቱን በማጣራት ጨርሰው። ሪከርድ የምትሠራው ውጤቱ በእርግጥ ሁለት ሲሆን ነው፤ የብድር ቅናሽና ቀሪ ብድር ለምሳሌ።

---

የማታ_ቢልድ

አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ሰዎች ሪፋክተር ሲጀምሩ ማቆሚያ ያጣሉ። የሶናር የርዝመት ሕግ (ኤስ138) ለጃቫ ሲመጣ 75 መስመር ላይ ነው የተቀመጠው፤ 5 መስመር አላለም። 3 መስመር ለማውጣት 6 ፓራሜትር ማስተላለፍ ካስፈለገህ እዚያው ይቅር። ለአዲሱ ሜተድ ስም ስታጣ፣ ወይም ያገኘኸው ስም «ክፍል_ሁለት» ሲሆን፣ የቆረጥከው ቦታ የተሳሳተ ነው። አንዶ በለውና ሌላ ቦታ ሞክር።

«ብዙ ሜተድ ያዘገያል» የሚልህ ካለም አትስማ። ሆትስፖት (ጃቫን የሚያስኬደው ሞተር) ትንንሾቹን ራሱ መልሶ ያዋሕዳቸዋል፤ በተቃራኒው ከ8,000 ባይት ባይትኮድ ያለፈን ሜተድ ጄአይቲው (ኮዱን እየሄደ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ክፍል) በነባሪ ቅንብሩ ኮምፓይል አያደርገውም፣ ለዘላለም ኢንተርፕሪትድ ሆኖ ይንፏቀቃል።

ስፕሪንግ ላይ ስለሆንክ ደግሞ ይህን ልብ በል። ሴቭ የሚያደርገውን ክፍል አውጥተህ ትራንዛክሽናል የሚል አኖቴሽን ብትለጥፍበትና ከዚያው ክላስ ብትጠራው አኖቴሽኑ አይሠራም፤ ጥሪው በፕሮክሲው (ስፕሪንግ ክላሱን በሚሸፍንበት አማላጅ ኦብጀክት) በኩል ስለማያልፍ። ኤረርም አይሰጥህም። ላይኛው ሜተድ ትራንዛክሽን ከፍቶ ከሆነ በዚያው ይቀጥላልና ልዩነት አታይም፤ ካልከፈተ ግን ግማሹ ሠራተኛ ሴቭ ሆኖ ግማሹ ሊቀር ይችላል። ወይ አኖቴሽኑን ላይኛው ላይ ተወው፣ ወይ ሴቩን ወደ ሌላ ሰርቪስ ክላስ አውጣው።

ኮሚቶቹን ለያይ፦ ፎርማት ማስተካከል ለብቻ፣ ቫሪያብል ማጥፋት ለብቻ፣ እያንዳንዱ ኤክስትራክት ለብቻ። ሪቪው የሚያደርግልህ ሰው 400 መስመር ቀይ እና 400 መስመር አረንጓዴ ካየ አያነበውም፣ ያጸድቀዋል። የፎርማቱን ኮሚት ሃሽ በኢግኖር ሪቭስ ፋይል ብታስገባው ጊት ብሌም ይዘለዋል፤ ጊት 2.23 እና ከዚያ በላይ ይበቃል።

---

ባለፔይሮል

የትርፍ ሰዓቱ ወጣ፣ ቴስቱም አልተነካም። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ኮመንት የሆነውን የድሮ እርከን ላጥፋው አይደል? ጊት ውስጥ አለ።

---

ሴሚኮሎን

ኮመንቱን አጥፋ፤ ቁጥሮቹን ግን አትጣላቸው። አንድ ሰው የሰኔ 2017ን ፔይስሊፕ እንደገና ቢያሳትም ኮድህ በአዲሱ እርከን ነው የሚያሰላው፤ በፊት ከተከፈለው ጋር አይገጥምም። የድሮው (እስከ 600 ነፃ፣ ከ10,900 በላይ 35 በመቶ ሲቀነስ 1,500፣ በመሐል አምስት እርከን) ሁለተኛ ሊስት ይሁን፤ ሁለቱንም በሚጸኑበት ቀን ትሪማፕ ውስጥ አስቀምጥና በፍሎር ኤንትሪ የወሩን መነሻ ቀን ስጠው። ቁልፉ ሎካል ዴት ይሁን፤ ሐምሌ 1 ቀን 2017 ማለት ጁላይ 8፣ 2025 ነው።

ቀኑን የሚቀይር ኮድ በእጅህ አትጻፍ። ጃቫ ታይም ውስጥ የኢትዮጵያ አቆጣጠር የለም፤ ስሪቴን ኤክስትራ ላይብረሪ ግን ኢትዮፒክ ክሮኖሎጂ አለው፣ ጳጉሜንንም እንደ 13ኛ ወር በትክክል ይይዛል። ቴስቱ ላይ ሰኔ 30 እና ሐምሌ 1ን ጨምር፦ 5,000 ብር የሚታክስ ገቢ በድሮው 697.50፣ በአዲሱ 500 ግብር አለው።